ከአሜሪካ መጥቼ አዲስ አበባ ላይ ስልክ ስገዛ

ዘንድሮ ለዕረፍት ከሜሪላንድ አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን፣ ለእኅቴ ልጅ ስልክ ልገዛለት ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ወዳሉት የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች አብረን ሄድን። በ2005 ዓ.ም. እዚያው ሰፈር ላፕቶፕ ስገዛ፣ «ዕቃ ያውቃል» የተባለ የጎረቤት ልጅ አስከትዬ ነበር፤ ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ካለ ወይ ማመን፣ ወይ ሱቅ መቀየር ነበር። የእኅቴ ልጅ ግን ማታ የቴሌግራም ቻናሎችን ሲያስስ አምሽቶ የአምስት ሱቆችን ዋጋ ስክሪንሾት አንሥቶ ይዟል።

ቻናሎቹ የሱቆቹ የራሳቸው ናቸው። ሆኖም አንዳንዶቹ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ብለው ያልፋሉ፤ ዋጋ የጻፉትም ስንደርስ «እሱ ያለፈው ሳምንት ነው፣ ዶላር ጨምሯል» አሉን። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህ መልስ ሰበብ ብቻ ነው ማለት አልችልም፤ ነገር ግን የማይሸጡበትን ዋጋ ገዢ መጥሪያ አድርጎ መተው ከቅንነት አልቆጥረውም።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ ሻጩ አንድ አይፎን ከካርቶኑ አውጥቶ «አዲስ ነው፣ ለማሳያ ብቻ ነው የበራው» አለን። ልጁ ቃል ሳይናገር ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ነካክቶ የወጡትን 15 የስልኩ መለያ አሃዞች ካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ በአንድ አመሳከረ፤ ገጠሙ። ቀጥሎ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የሞዴል ቁጥሩን ከፈተና የመጀመሪያውን ፊደል በጣቱ አሳየኝ፤ ለአዲስ ስልክ ኤም መሆን ሲገባው ኤፍ ነበር። ኤፍ ታድሶ የተሸጠ ማለት መሆኑን እኔ ያን ጊዜ ሰማሁ፤ ሻጩ ግን ቀድሞም ሳያውቅ አልቀረም፣ ካልኩሌተሩን ሳብ አድርጎ «እሺ ጋሼ፣ ለእርስዎ እንዲህ ላድርገው» አለኝ። ዋጋው ደኅና ወርዶ ነበር፤ አለማፈሩ ግን አስከፍቶኝ ወጣን።

የገዛነው ከሦስተኛው ሱቅ ነው። ባለቤቷ ስልኩ ያገለገለ መሆኑን ሳንጠይቃት ነገረችን፤ የባትሪውን ጤንነት፣ ስክሪኑ ተቀይሮ ቢሆን ኖሮ የሚታይበትንም ገጽ ራሷ ከፍታ አሳየችን። ልጁ የያዘውን የሌላ ሱቅ ዋጋ ሲያሳያት ትንሽ ቀነሰችልን እንጂ እኩል አላደረገችውም። (ሜሪላንድ ቢሆን ቤስት ባይ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ መደብር ከዐሥር ዓመት በላይ የተፎካካሪን ዋጋ ያመሳስላል፤ እዚህ ግን የድርድሩ ወግ አልተሻረም።) በቴሌብር ከፈልን፣ ደረሰኙም ላይ የስልኩ መለያ ቁጥር ተጻፈ።

ቅሬታዬ ዋስትናው ላይ ነው፤ «አንድ ወር» ከሚል የእጅ ጽሑፍ በቀር ምን እንደሚሸፍን አይገልጽም፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ቻናል ላይ አላገኘንም። ሱቁን ለዘመድ እመክራለሁ፤ ከመክፈል በፊት ግን ባትሪና ስክሪን ይካተቱ እንደሆነ ደረሰኙ ላይ ማስጻፍ ያስፈልጋል።