ዕቅዳችንን ያፈረሰልን ሥልጠና

ከሌሎች ዞኖች የሚደውሉ ባልደረቦቼ "ያ ሥልጠና እንዴት ነበር? ገንዘቡን ያወጣል?" እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዱ ከምደጋግም እዚሁ ልጻፈው። ነገሩ የአንድ የግል አማካሪ ድርጅት አገልግሎት ነው። የዞንና የወረዳ ጤና ሠራተኞች የድንገተኛ ጤና አደጋ ዝግጁነትና ምላሽ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ ያግዛል። ከአዲስ አበባ ይመጣሉ፣ አዳራሽ ይከራያሉ፣ ያሠለጥናሉ፣ እናንተም ዕቅድ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ስማቸውን አልጠራም። ቅሬታ ስላለኝ ሰው ማሳጣት እንዳይሆንብኝ።

ከመጥፎው ልጀምር። የመጀመሪያው ግማሽ ባይኖር ማንም አይናፍቀውም። ስላይድ፣ ከዚያ ስላይድ፣ ከዚያ ደግሞ ስላይድ። አደጋ ምንድን ነው፣ ተጋላጭነት ምንድን ነው፣ ወረርሽኝ ማለት ምን ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው እኮ ኮሌራን ድንኳን ውስጥ ያከመ፣ በወባ ወቅት ሌሊቱን ሙሉ ምርመራ ሲሠራ ያደረ ነው። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች የሚባለው ይኸው ነው። ይባስ ብሎ የሰጡን የዕቅድ ናሙና የሌላ ዞን ነበር። የጎርፍ ስጋት በሚለው ክፍል እኛ ዞን ውስጥ የሌለ ወንዝ ስሙ ሳይጠፋ ተቀምጧል። ሳቅን፣ ግን ደሞ ያናድዳል። የከፈልነው እኮ ለኛ እንዲሠሩልን ነው።

ከዚያ ሌላ አሠልጣኝ መጣችና ሁሉም ነገር ተቀየረ።

ይቺ ሴትዮ መስክ ላይ የሠራች መሆኗ አፏን ስትከፍት ይታወቃል። ፕሮጀክተሩን አጠፋችው። በየጠረጴዛው አንድ አንድ ወረቀት አስቀመጠች። "ቅዳሜ ነው፣ ማታ 4 ሰዓት። አንድ ጤና ኬላ አካባቢ ከአንድ መንደር አምስት ሰው በከባድ ተቅማጥ ወድቋል፣ አንዱ ሞቷል። ቀጥሉ።" እኛም የምናውቀውን ዘረገፍን። በአስቸኳይ ሪፖርት የሚደረግ በሽታ ከሆነ መረጃው ከአንዱ እርከን ወደ ሌላው በ30 ደቂቃ ውስጥ ማለፍ አለበት፣ ከጤና ኬላ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ዞን፣ ክልል እያለ። ጥሩ፣ አለች። "በሉ ደውሉ።"

የምሯን ነው። ከሥልጠናው በፊት በነበረን ዕቅድ ጀርባ ላይ ያለውን የስልክ ዝርዝር አውጥተን እንድንደውል አደረገች። አንዱ ጡረታ ወጥቷል። አንዷ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውራለች፣ ምስኪን፣ ምን ጉድ ነው ብላ ደነገጠች። አንዱ ስልክ ዝግ ነው። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ነፃ መስመር 8335 ደግሞ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ የለም! ይሄ ዕቅድ በኃላፊ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ፋይል ውስጥ የተቀመጠ ነው።

ቀጥላ "በቂ መድኃኒትና ግብዓት ይዘጋጃል" የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ያዘች። በቂ ስንት ነው? ማንም መልስ የለውም። በኮሌራ ክፉኛ ፈሳሽ ያለቀበት ሰው በኪሎ 100 ሚሊ ሊትር በደም ሥር ያስፈልገዋል። 50 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት ብቻ 5 ሊትር ሪንገር (በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ) ይወስዳል ማለት ነው። እንዲህ ያሉ 20 ሰዎች ቢመጡ 100 ሊትር፣ እሱም ለመነሻ። መጋዘናችን ውስጥ ስንት አለ? የመጋዘኑ ቁልፍ ቅዳሜ ማታ ማን ጋ ነው? መኪናውስ ነዳጅ አለው? ነዳጅ በቴሌብር ነው የሚከፈለው፣ ኔትወርክ ከጠፋስ? የመጨረሻዋን ጥያቄ ሹፌር ቢኖር በአንድ ደቂቃ ይመልሳት ነበር፣ ግን ሹፌር ማን ጠርቶት።

ሁለት የቅርብ ጊዜ ምሳሌዎችን አንስታ አወያየችን። አንዱ የጎፋው የመሬት ናዳ ነው፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016። እዚያ የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የተሯሯጡትን ሰዎች ሌላ ናዳ ደረሰባቸው። የኛ ዕቅድ ምን ይላል? "የነፍስ አድን ቡድን ወዲያውኑ ይሰማራል።" ወዲያውኑ! ቦታው እስኪታይ ማንም አይግባ ብሎ የማዘዝ ሥልጣን ያለው ሰው የትም አልተጻፈም። ሌላው የጂንካው ማርበርግ ነው፣ ኢቦላን የሚመስል ገዳይ የቫይረስ በሽታ። መንግሥት ይፋ ያደረገው ኅዳር 5 ቀን 2018 ነው፣ የበሽታው ስም የታወቀው ግን ናሙና ተመርምሮ ነው። ሕመሙ ሲጀምር ትኩሳትና ራስ ምታት ስለሆነ ከወባ መለየት ይከብዳል። የኛ ዕቅድ ግን በበሽታ ስም ነው የተከፋፈለው፣ ምዕራፍ አንድ ኮሌራ፣ ምዕራፍ ሁለት ኩፍኝ እያለ ይሄዳል። ስሙ ገና ያልታወቀ በሽታ ይዞት የመጣውን ሰው የምትቀበለዋ ነርስ የትኛውን ምዕራፍ ትክፈት? ጓንቷስ? እዚህ ላይ አዳራሹ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ሁሉም እኩል ማውራት ጀመረ። ዕቅዱን እንደ አዲስ ጻፍነው ማለት ይቻላል። አሁን የሚጀምረው ምልክቱ ሲታይ ማን ምን ያደርጋል ከሚለው ነው።

ቅሬታዬ አላለቀም። የተጠራው የጤና ሰው ብቻ ነው። ውሃ ጽሕፈት ቤት የለም፣ ፋይናንስ የለም፣ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር የለም፣ ፖሊስ የለም። ኮሌራን ያለ ውሃ ጽሕፈት ቤት እንዴት ነው የምታቅደው? አዘጋጆቹን ስጠይቅ "የተሳታፊ ዝርዝር የላካችሁት እናንተ ናችሁ" አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ግን ማማከር የማን ሥራ ነው? ከሥልጠናው በኋላም "እንዴት ሆናችሁ" ብሎ የደወለ የለም። ውላቸው ውስጥ ክትትል የሚባል ነገር አለ፣ እስካሁን ግን አላየነውም። ምግቡ ደህና ነው፣ አዳራሹ ይሞቃል። አበል ዘገየ፣ እሱ ግን የእኛው ቤት ጣጣ ነው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጣለሁ፣ ሦስቱም የሴትዮዋ ናቸው። ልትገዙ ካሰባችሁ ረቂቃችሁን ራሳችሁ ጽፋችሁ ሂዱ። ብሔራዊ መመሪያው ኢንስቲትዩቱ ጋ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ነፃ የኦንላይን ኮርሶች አሉት፣ ለትርጓሜ ብር አትክፈሉ። ልምምዱን ብቻ ግዙ። ማን እንደሚመጣ ውሉ ላይ በስም ይጻፍ፣ አለበለዚያ ስላይድ አንባቢው ነው የሚላክላችሁ። ሹፌሩን፣ የመጋዘን ሠራተኛውን፣ የፋይናንስ ኃላፊውንና አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ይዛችሁ ግቡ። ክፍያውን ደግሞ ሁለት ቦታ ከፍሉት፣ ግማሹ ክትትሉ ሲያልቅ የሚከፈል ይሁን። ዋጋ ላይ ተከራከሩ፣ ይቀንሳሉ።