ፖለቲካል ሳይንስ ለመምረጥ ላሰባችሁ

የዲፓርትመንት ምርጫ ሰሞን ከደብረ ብርሃን ልጆች ስልክ ይበዛብኛል። «ፖለቲካል ሳይንስ እንዴት ነው?» ይሉኛል። እኔ ተምሬ ጨርሻለሁ፤ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ትምህርቱ ፖለቲከኛ አያደርግም። ስመርጠው አያቴ «ልጄ፣ ካድሬ ልትሆን ነው እንዴ?» ብለው ደንግጠው ነበር። ክፍል ስንገባ ግን የጠበቀን ፕላቶ፣ ሆብስ፣ ፌዴራሊዝም፣ የውጭ ፖሊሲ ነው። አንደኛ ዓመት እንደማንኛውም ተማሪ ፍሬሽማን ኮርስ ትወስዳላችሁ። ከዚያ በኋላ ንባብ ነው፣ ደግሞም በከባድ እንግሊዝኛ።

የወደድኩትን ልንገራችሁ። አንድ መምህራችን ስለ 1881ዱ የውጫሌ ውል ሲያስተምሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንቀጽ 17 ላይ ብቻ ቆዩ። አማርኛው «ይቻላቸዋል» ይላል፤ ጣሊያንኛው ግን ኢትዮጵያ ከውጭ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል እንድትገናኝ ያስገድዳል። የአድዋን ታሪክ ከልጅነቴ ጀምሮ በየዓመቱ ሰምቻለሁ፤ አንድ ግስ ይህን ያህል ጣጣ እንዳመጣ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። በሌላ ቀን ሐሪስ የሚባል እንግሊዛዊ መልእክተኛ አንኮበር ድረስ መምጣቱን፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም በ1834 ከእንግሊዝ ጋር ውል መፈራረማቸውን ተማርን። አንኮበር እኮ ለእኔ የአክስቴ አገር ነው፣ ለበዓል የምንሄድበት! ፀጉሬ ቆመ።

የ1987ቱን ሕገ መንግሥትም እንዲሁ ነው ያነበብነው። አማርኛው ባንድ በኩል፣ እንግሊዝኛው በሌላ በኩል የታተመበትን ይዘን መምህራችን «ሁለቱ ቢለያዩስ?» አሉን። ክፍሉ ዝም አለ። መልሱ የመጨረሻው አንቀጽ፣ 106 ላይ ነበር፤ የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው አማርኛው ቅጂ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሰነድ ከመጨረሻው ሳልጀምር አላነብም።

ግን ሁሉም እንደሳቸው አያስተምርም። ስላይድ አንብቦ የሚወጣ አለ። ከፎቶ ኮፒ ቤት የገዛነውን ሀንዳውት ሸምድደን ኤ ያመጣንበት ኮርስ አለ፣ ዛሬ አንድ ነገር አላስታውስም። የመውጫ ፈተና በ2015 ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ ጥያቄ መለማመድ ንባቡን እየበላው ነው፣ ይሄ ያሳዝነኛል። የምርምር ዘዴና ስታቲስቲክስ በጥድፊያ ነው ያለፍናቸው፤ መመረቂያ ጽሑፍ ላይ ስንደርስ መጠይቅ በትነን የሰበሰብነውን መተንተን አቃተን። እነዚህን ሁለቱን ከክፍል ውጭ በራሳችሁ ጊዜ ተማሩ፣ ከኮምፒውተር ጋር። አደራ።

ሥራው ይከብዳል። የሥራ ማስታወቂያው «ፖለቲካል ሳይንስ ወይም ተዛማጅ» ብሎ ልብ ካሞቀ በኋላ ከታች የሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል። ቤተሰቤ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ተቀምጫለሁ። ተመርቃችሁ ቶሎ ደሞዝ ማምጣት ካለባችሁ ሌላ ምረጡ፣ ከልቤ ነው። ማንበብ የምትወዱ፣ ትንሽ መታገስም የምትችሉ ከሆነ ግን ግቡበት፤ እኔ ዛሬም ቢሆን እሱኑ ነው የምመርጠው።

ያቺ የሕገ መንግሥት መጽሐፍ ዳር ዳሯን በእርሳስ እንደሞላሁባት አለችኝ። ጠባሴ አካባቢ ያላችሁ ደውሉልኝ፣ አውሳችኋለሁ።