ለጤና ጣቢያችን የአእምሮ ጤና ነርስ ምስጋና፤ ለየእድሩ ደግሞ ጥቆማ

በጉለሌ ክፍለ ከተማ የአንድ የሰፈር እድር ጸሐፊ ነኝ። ይህን የምጽፈው በኮሚቴው ስም ነው፤ አንዳንዱ አስተያየት ግን የራሴ ነው። ምስጋናው በአካባቢያችን ጤና ጣቢያ ለምትሠራው የአእምሮ ጤና ነርስ ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ሰፈሩ ሁሉ «ሲስተር» ስለሚላት እኔም እንደዚያው ልበላት።

ነገሩ የጀመረው በጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ሰሞን ነው። ታስታውሱታላችሁ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፣ 3.3 በመቶ። ስለ ትምህርት ጥራት ያኔ ብዙ ተባለ። ውጤቱን አይተው ክፍላቸውን ስለዘጉት ልጆች ግን ብዙም የተናገረ አልሰማሁም። በእኛ ሰፈር አመሻሽ ላይ ኳስ የሚጫወቱት ጠፉ። እናቶች ቡና ላይ «ልጄ ምግብ እምቢ አለኝ»፣ «ቀን ተኝቶ ሌሊት ያፈጣል» ይባባላሉ፤ አባቶች «ይሄ ስልክ ነው ያበላሸው» ብለው ይደመድማሉ። ሲስተር ይህን የሰማችው ልጆቻቸውን «ጨጓራ ነው»፣ «ራስ ምታት ነው» እያሉ ወደ ጤና ጣቢያው ከሚያመጡ ወላጆች ነበር። ምርመራው ምንም ሳያሳይ ሲቀር ወደ እሷ ክፍል ይላካሉ፤ ብዙዎቹ ግን በሩ ላይ የተጻፈውን አይተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ስለዚህ እሷ ወደ እኛ መጣች። በእድሩ ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ሃያ ደቂቃ ስጡኝ አለች። ኮሚቴው ውስጥ ክርክር ተነሣ፤ እድር የቀብር ጉዳይ ነው፣ ሌላ ነገር አናስገባ የሚሉ ነበሩ። «የቀረ የሚቀጣበት ስብሰባ ስለሆነ ነው የመረጥኩት» ስትለን ሳቅንና ፈቀድን። እውነቷን ነው። የግንዛቤ ማስጨበጫ ተብሎ በየአዳራሹ ሲጠራ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ አበል የሚጠብቅ ሰው ነው፤ እድር ላይ ግን ቅጣቱን ፈርቶ ሁሉም ይመጣል።

ንግግር አላደረገችም ማለት ይቻላል፤ ጠየቀች እንጂ። «ልጅዎ የሚወደውን ነገር ከተወ ስንት ጊዜው ነው? ሁለት ሳምንት አልፎታል? እንቅልፉስ? ምግቡስ? ገላውን ይታጠባል?» ከዚያ ድባቴ (ዲፕሬሽን የሚባለው ሕመም) ስንፍና እንዳልሆነ፣ በምክርም በመድኃኒትም እንደሚታከም፣ መድኃኒቱ ደግሞ እንደ ራስ ምታት ኪኒን በዕለቱ እንደማይሠራ፣ ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚፈጅ አስረዳች። ይህችን የመጨረሻዋን ደጋግማ ነው የነገረችን፤ ብዙ ሰው በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ ያቆማል አለች።

ከጥያቄዎቹ ሁሉ የከበደው ስለ ጸበል የተነሣው ነበር። አንዲት እናት ቆመው «ጸበል እየወሰድኩት ነው፤ ኪኒን የሚውጥ ከሆነ ጸበሉ አይሠራም ይሉኛል፤ የቱን ልተው?» አሉ። ሃይማኖት ሲነካ ባለሙያ ወይ ይሸሻል ወይ ያሾፋል፤ ይህን በዓይኔ ያየሁት ነው። እሷ «ጸበሉን አይተዉት እናቴ፤ ኪኒኑንም አያቋርጡበት። የጾም ሰዓት ካለበት ይንገሩኝ፣ የሚውጥበትን ሰዓት አብረን እናስተካክላለን» አለቻቸው። ከአባላቶቻችን አንዱ ቄስ ናቸው፤ እሳቸውም ተነሥተው መድኃኒቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው አሉ። ዛሬ የንስሐ ልጆቻቸውን ራሳቸው ወደ ጤና ጣቢያው ይልካሉ። ሙስሊም አባላቶቻችን ስለ ረመዳን ጠየቁ፤ ለእነሱም የመለሰችው ይህንኑ ነው።

ሌላዋ እናት በቀስታ ነበር የጠየቁት፤ ልጄ ራሱን ይጎዳል ብዬ እፈራለሁ፣ ግን ብጠይቀው ሐሳቡን እኔው ባስገባበትስ? መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም አለች ሲስተር። በግልጽ ጠይቁት፤ መልሱን ሳትቆጡ ስሙት። ልጁ «አዎ» ብሎ ከመለሰላችሁ ብቻውን አትተዉት፣ በቤት ያለውን መድኃኒትና ሊጎዳበት የሚችለውን ነገር ሁሉ አርቁ፣ በዚያው ዕለት ይዛችሁት ኑ፤ ከመሸም ቅርብ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ይህን ለማንበብ ብቻ እዚህ ድረስ የመጣ ወላጅ ካለ፣ የቀረው ጽሑፍ ይቆየው።

ወላጁ በዚህ ተገኘ። ልጆቹ ግን እድር አይመጡም። ወደ ጎረምሶቹ የሄደችው በዲኤስቲቪ ቤቱ በኩል ነው። ባለቤቱን አስፈቅዳ የአርሰናልና የማንቸስተር ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ወሰደች። እኔም ሄጄ ከበሩ ቆሜ አየሁ፤ ጨዋታውም ይታይ ስለነበር አልጠላሁትም። አንዱ ከኋላ «ሲስተር፣ አማኑኤል ልትወስጂን ነው?» ብሎ ጮኸ። «አማኑኤል ሠርቻለሁ፤ አልጋ እንዲህ በቀላሉ የሚገኝ መስሎሃል?» አለችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሳቁን ይዛ አማኑኤል በጣሊያን ጊዜ የተጀመረ ሆስፒታል እንደሆነ፣ ለረጅም ዘመን በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ስለነበር ከየክፍለ ሀገሩ ሰው እየታሰረ ይመጣበት እንደነበር፣ ዛሬ ግን ለመጀመር ጤና ጣቢያ እንደሚበቃ ነገረቻቸው። «የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ካሉት ከሰባቱ አንዱ የአእምሮ ጤና እክል አለበት ይላል። እናንተ ደግሞ በየአግዳሚው ሰባት ሰባት ሆናችሁ ነው የተቀመጣችሁት» አለች። ጎረምሶቹ አግዳሚያቸውን መቁጠር ጀመሩ።

ከመውጣቷ በፊት የተናገረችው ነው እኔን ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ። ካርድ ክፍል ስትደርሱ ምክንያታችሁን ለማንም አትናገሩ፤ «ሲስተርን ፈልጌ ነው» በሉ፣ ልጅቷ ታውቃለች አለቻቸው። ከሰዓት በኋላ ወረፋው ሲቀንስ እንዲመጡም ነገረቻቸው። ከካርድ ክፍሏ ሠራተኛ ጋር አስቀድማ ተነጋግራ ነበር። መስከረም 30 የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ሲከበር ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል፤ ቲሸርቱ በገና ሰሞን የቤት መወልወያ ይሆናል። ልጁ «እሺ፣ አሞኛል፤ ወዴት ልሂድ?» ሲል የሚነግረው ከሌለ ዘመቻው ምን ጠቀመው? ሲስተር በሩን፣ ሰዓቱንና በሩ ላይ የሚባለውን ቃል ጭምር ሰጠቻቸው።

ሄዱም። ማን እንደሄደ ከእሷ አልሰማሁም፤ አልሰማምም። መንገድ ላይ ስታገኛቸው ካልቀደሟት በቀር ሰላም አትልም፤ እንደማታውቃቸው ታልፋለች። በመጀመሪያ ኩራት የመሰላቸው ነበሩ። እኔ የማውቀው ራሱ ወደ እኔ መጥቶ የነገረኝን አንዱን ልጅ ብቻ ነው፤ ይጻፍ ስላለኝ ነው የማነሣው። ለወራት ከእሷ ጋር ከተነጋገረ በኋላ ሪሜዲያል ገብቶ ጨረሰ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነው። መድኃኒት አልወሰደም፤ ሁሉም መድኃኒት አይሰጠውም ለካ።

ሁሉ ነገር የተሟላ ነው አልልም። መድኃኒት ሲጠፋ ከውጭ መግዛት ግድ ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ ያለችውም እሷ ብቻ ስለሆነች ለሥልጠና ስትወጣ በሩ ዝግ ነው፤ ጨክኖ ለመጣ ልጅ ደግሞ ዝግ በር ከባድ ነው። ሁለተኛ ባለሙያ እንዲመደብ በእድሩ ማኅተም ጠይቀናል፤ ሌሎች እድሮችም ቢጠይቁ ጥሩ ነው።

የእናንተም ጤና ጣቢያ የአእምሮ ጤና ነርስ ሊኖረው ይችላል፤ ሄዳችሁ ጠይቁ። ደብዳቤውን ለጤና ጣቢያው ኃላፊ አድርጉት እንጂ ለነርሷ አይሁን፤ ያለ ፈቃድ መውጣት አትችልም። ስብሰባው ላይ ከሒሳብ ሪፖርት በፊት አስገቧት፤ ከሒሳቡ በኋላ ጭቅጭቅ ስለሚነሣ የሚያዳምጥ የለም። አበል አልጠየቀችንም፤ ቡና አፍልተን ጠበቅናት፣ በቃ። የደብዳቤውን ናሙና የሚፈልግ እዚሁ ይጻፍልኝ፣ የእኛን እልክለታለሁ።

ሲስተር፣ ኮሚቴው በሙሉ ያመሰግንሻል። በሚቀጥለው ወር ስብሰባም ሃያ ደቂቃሽ ተይዞልሻል።