አንድ ስልክ፣ 60 ተማሪ፦ ለጅማ መምህር የትኛው አፕ ያዋጣል?

ስለ መምህራን አፕ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ሁሉም ተማሪ ታብሌት የያዘ፣ ዋይፋዩም የማይቋረጥ ይመስል ነው የሚጀምረው። ጅማ ውስጥ የሚያስተምር ቲቸር እውነታውን ያውቃል። ስልኩ አንድ ነው፤ የራሱ። ዳታውም የራሱ ነው። መብራት ከሄደ ፕሮጀክተሩ ጌጥ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር ደግሞ (ጅማ ላይ መቼ ነው የማይዘንበው?) እንኳን የቪዲዮ ድምፅ የመምህሩም አይሰማም።

ስለዚህ አፖቹን የምመዝናቸው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ዳታው የሚበላው ከማን ኪስ ነው? ከመምህሩ ብቻ ከሆነ ይቻላል። ከ60 ተማሪ ኪስ ከሆነ አፑ የቱንም ያህል ቢያምር ግማሹ ክፍል ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ከማንም ካልሆነ እሰየው።

ስለ ክፍያም ልበል። ከታች ያሉት ወይ ነፃ ናቸው ወይ ነፃ የሆነ ክፍል አላቸው። የሚከፈልባቸው በዶላር ነው፤ ዓለም አቀፍ ካርድ ይጠይቃሉ። በደሞዝ የሚኖር መምህር ለዚህ ብሎ ባንክ እንዲመላለስ አልመክርም። የማየው ነፃው ብቻውን ሥራ ይሠራል ወይ የሚለውን ነው።

ኖት ለማድረስ፦ ቴሌግራም ወይስ ጉግል ክላስሩም?

በአሠራር ካየነው ጉግል ክላስሩም ይበልጣል። የቤት ሥራ ትሰጣላችሁ፤ የማስረከቢያ ቀን ትቆርጣላችሁ። ማን እንዳስገባ፣ ማን እንዳላስገባ በስም ያሳያችኋል። አርማችሁ ማርኩን እዚያው ትመልሳላችሁ። መጀመሪያ ላይ ለትምህርት ቤት አካውንት ብቻ ነበር የሚሠራው። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ተራ ጂሜይል ያለው ሰውም ክፍል መክፈት ይችላል።

ችግሩ እያንዳንዱ ተማሪ አካውንት ያስፈልገዋል። ፓስዎርዱን የረሳ አለ። የታላቅ ወንድሙን ስልክ የሚጋራ አለ። በእናቱ አካውንት ገብቶ በእናቱ ስም የቤት ሥራ የሚያስገባም አለ። ኬሚስትሪ ትታችሁ ጂሜይል ስታስተምሩ ትከርማላችሁ። ዕድሜያቸው ከ13 በታች የሆኑ ልጆች ደግሞ፣ በጉግል ደንብ፣ ያለ ወላጅ ቁጥጥር የራሳቸውን አካውንት መክፈት አይችሉም። ከ1ኛ እስከ 6ኛ ለሚያስተምር ሰው ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ።

ቴሌግራም ግን ቀድሞ ቤቱ ገብቷል። ተማሪውም ወላጁም ያውቀዋል፤ ማንንም አዲስ ነገር ማስተማር አይጠበቅባችሁም። አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋባይት ይሸከማል፤ የመማሪያ መጽሐፍ ፒዲኤፍ ለእሱ ቀላል ነው። ኅዳር ላይ የተቀላቀለ ልጅ መስከረም ላይ የተለጠፈውን ኖት ወደ ላይ ገፋ አድርጎ ያገኘዋል።

ከከፈታችሁ ግን ቻናል ይሁን፤ ግሩፕ አይሁን። ግሩፕ ላይ የፊዚክሱ ኖት በ"ደህና አደራችሁ" እና በስቲከር ተቀብሮ ይቀራል፤ ማታ ማታም "ቲቸር ነገ ቴስት አለ?" የሚለው አያስተኛችሁም። ቻናል ላይ የምትለጥፉት እናንተ ናችሁ፤ ተማሪዎቹም አንዱ የሌላውን ቁጥር አያይም። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምርጫ ጥያቄ ከነትክክለኛ መልሱ መለጠፍ ይቻላል። ለልምምድ ግሩም ነው። ለማርክ ግን አይሆንም፤ ቻናል ላይ ማን ምን እንደመለሰ አያሳይምና። ተማሪዎቻችሁ በሞባይል ዳታ ፋይል በራሱ እንዲወርድ የሚያደርገውን ቅንብር እንዲያጠፉት በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው። አለዚያ የአባትየው ፓኬጅ ያልቅና ጥፋተኛው ትምህርት ቤቱ ይሆናል።

ምርጫዬ፦ ለአንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ቴሌግራም። ተማሪዎቹ ሁሉ ኢሜይል ላላቸው የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መምህራን ክላስሩም።

ለማረም፦ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው

ጊዜያችንን የሚበላው እርማት ነው። አራት ሴክሽን የያዘ ሰው አንድ ቴስት ከሰጠ ቅዳሜና እሁዱ አለቀ። እዚህ ላይ ነው አፕ ምን እንደሚሠራ የሚታየው።

ዚፕግሬድ የስልካችሁን ካሜራ የማረሚያ ማሽን ያደርገዋል። የመልስ ወረቀቱን ከድረ ገጹ አውርዳችሁ ታሳትማላችሁ፤ 20፣ 50 እና 100 ጥያቄ የሚይዝ አለ። የ20ው ትንሽ ስለሆነ አንድ ኤ4 ላይ አራት ይወጣል። ይህ ለኮፒ ወጪ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪው ክቡን ያጠቁራል፤ እናንተ ትክክለኛውን መልስ አንዴ አፑ ላይ ታስገባላችሁ። ከዚያ ስልኩን ከወረቀቱ በላይ ትይዙታላችሁ። በወረቀቱ ጥጎች ያሉት ጥቁር ካሬዎች ስክሪኑ ላይ ካሉት ሳጥኖች ውስጥ ሲገቡ ራሱ ያነሳዋል፤ ምንም የሚጫን ነገር የለም። ማርኩ ዓይናችሁ እያየ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ ኢንተርኔት አይጠይቅም።

እኔ ከማርኩ ይልቅ የምወድለት የየጥያቄውን ውጤት ለይቶ ማሳየቱን ነው። 7ኛውን ጥያቄ ጎበዞቹም ጭምር ከሳቱት ወይ ጥያቄው የተምታታ ነው፣ ወይ ትምህርቱ አልገባቸውም። በእጅ ስናርም ይህን ማን ይቆጥራል?

እንከኖቹን ግን እወቁ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወረቀቱን ትንሽ አዛንፎ ካባዛውና አንዱ ጥቁር ካሬ ከተቆረጠ አፑ ዝም ይላል፤ ስለዚህ ሁሉን ከማስባዛታችሁ በፊት አንዷን ኮፒ ሞክሯት። ደመና በከበደበት ቀን፣ መብራት በሌለበት ክፍል፣ የራሳችሁ ጥላ ወረቀቱ ላይ ይወድቅና ያስቸግራል፤ መስኮት ሥር ጠረጴዛ ያዙ። ሌላው የፊደል ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ ነው። በእንግሊዝኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ለሚፈትን ሰው ምንም ችግር የለውም። የአማርኛ መምህሩ ግን ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብሎ ጥያቄ ካወጣ ልጆቹ ይደናገራሉ። ጥያቄ ወረቀቱ ላይም ምርጫዎቹን በላቲን ፊደል መጻፍ ነው መፍትሔው፤ ባያምርም።

ነፃው በወር 100 ወረቀት ያነባል። 60 ተማሪ ያለው አንድ ሴክሽን አንዴ ካረማችሁ የቀራችሁ 40 ነው። ለአራት ሴክሽን ሚድ እንደማይበቃ ግልጽ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አፖች ሁሉ ገንዘብ ይገባዋል የምለው ይሄን ብቻ ነው፤ የዓመት ክፍያው ጥቂት ዶላር ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው መምህር "ምን ልላክልህ?" ሲባል ምን እንደሚል እዚህ ጋ ያውቃል።

ፕሊከርስ ሌላ ዓይነት ነው። እሱ ለፈተና ሳይሆን በክፍለ ጊዜው መሀል "ገባችሁ?" ለማለት ነው። "ገባችሁ?" ስንል "አዎ!" የሚለውን የጋራ ዜማ ሁላችንም እናውቀዋለን። በፕሊከርስ እያንዳንዱ ተማሪ ጥቁር ቅርጽ የታተመበት የራሱ ካርድ ይይዛል። አራቱ ጎኖች ላይ አራቱ ፊደላት በደቃቁ ተጽፈዋል። መልሱ ቢ ከመሰለው ቢ ወደ ላይ እንዲሆን ካርዱን አዙሮ ያነሳል። እናንተ በስልካችሁ ካሜራ ክፍሉን ከግራ ወደ ቀኝ ቃኘት ስታደርጉ ማን ምን እንደመለሰ ይመዘግባል። የካርዶቹ ቅርጽ ስለሚለያይ የጎረቤትን አይቶ መኮረጅ አይቻልም።

ተማሪው ስልክ አያስፈልገውም፤ ከእናንተ ስልክ ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል። ካርዶቹ እስከ 63 ናቸው፤ ክፍላችሁ 70 ከሆነ ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ማጣመር ነው። ነፃው በአንድ ዙር 5 ጥያቄ ይፈቅዳል፤ ለአንድ ፔሬድ እሱም በዛ። ካርዶቹን ጠንካራ ወረቀት ላይ አሳትሙ። የሚያብለጨልጭ ላሚኔሽን አታስደርጉ፤ ብርሃን እያንጸባረቀ ካሜራውን ያሳስተዋል። ልጆቹም ቅርጹን በጣታቸው እንዳይሸፍኑት ይለማመዱ።

ጉግል ፎርም ነፃ ነው፤ ራሱ ያርማል፤ ውጤቱን በሠንጠረዥ ያስቀምጣል። ግን ሁሉም ተማሪ ስልክና ዳታ ይፈልጋል። ከወላጆች አስተያየት ለመሰብሰብ ተጠቀሙበት፤ ለክፍል ቴስት አይሆንም። ካሁት የተባለው የጥያቄ ጨዋታ ደግሞ ፕሮጀክተሩን፣ መብራቱን፣ ኢንተርኔቱንና የእያንዳንዱን ተማሪ ስልክ በአንድ ሰዓት ላይ ይፈልጋቸዋል። አራቱ ከተገጣጠሙላችሁ ልጆቹ ይጨፍራሉ። ጅማ ላይ አራቱ የሚገጣጠሙት ስንቴ እንደሆነ ለእናንተ እተወዋለሁ።

ምርጫዬ፦ ለቴስት ዚፕግሬድ፣ ለዕለት ትምህርት ፕሊከርስ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ለማሳየት፦ ፌት፣ ጂኦጀብራ፣ ካን አካዳሚ

ቤተ ሙከራው ተቆልፎ ለሚኖርበት ትምህርት ቤት እንደ ፌት ያለ ነገር አላየሁም። በ2001 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ ኖቤል ያገኘው ካርል ዋይማን በ2002 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው ነው። በስክሪን ላይ የምትሠሩት ሙከራ ማለት ነው። ሽቦ፣ ባትሪና አምፖል ጎትታችሁ ታገናኛላችሁ፤ አምፖሉ ይበራል። ሾርት ካደረጋችሁት ባትሪው በእሳት ይያያዛል። ልጆቹ "ድገሙት!" የሚሉት እዚህ ጋ ነው። ዋናው ነገር እያንዳንዱ ሙከራ እንደ አንድ ፋይል ይወርዳል፤ ከዚያ በላፕቶፕ ብራውዘር ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። በፍላሽም በቴሌግራምም ይዞራል። የተወሰኑት በአማርኛ ተተርጉመዋል።

ጂኦጀብራ ደግሞ ለሒሳብ መምህር እንደ ፌት ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ለትምህርት ነፃ ነው። የፓራቦላውን ቁጥር በጣታችሁ ስትገፉ ግራፉ ሲከፈትና ሲጠብ ማሳየት፣ በጠመኔ አምስት ግራፍ ከመሣል ያድናል።

ካን አካዳሚ በ2008 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ለትርፍ ያልሆነ ድርጅት ነው፤ ቪዲዮዎቹና ልምምዶቹ ለተማሪ ነፃ ናቸው። ማብራሪያው እንግሊዝኛ ነው። ከ9ኛ ክፍል በላይ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ ያ ብዙ አያሳስብም። የሚያሳስበው ቪዲዮው ነው፤ ዳታ ይጠጣል። በቀጥታ ከድረ ገጹ ተማሪውን "እይ" ከማለት ይልቅ መምህሩ አይቶ ራሱን ቢያዘጋጅበት ይሻላል። ወይም ቀጥሎ በምናየው በኮሊብሪ በኩል።

ትምህርት ቤቱ ጥቂት ኮምፒውተር ካለው፦ ኮሊብሪ

ኮሊብሪ ለርኒንግ ኢኳሊቲ የተባለ ድርጅት የሚያዘጋጀው ነፃ ሶፍትዌር ነው። የካን አካዳሚ ቪዲዮዎችና የፌት ሙከራዎች እዚያ ውስጥ ይገኛሉ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ትጭናላችሁ። ይዘቱን ጥሩ ኢንተርኔት ባለበት ቦታ አንድ ቀን ታወርዳላችሁ፤ ከዚያ ሌሎቹ ኮምፒውተሮችና ስልኮች በዚያው ግቢ ዋይፋይ አማካይነት ያለ አንዳች ኢንተርኔት ይጠቀማሉ። ማን ምን እንዳየና ስንት እንዳገኘ ለመምህሩ ያሳያል። ሙሉውን አታውርዱ፤ ሃርድ ዲስኩ አይችለውም። የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ ከፈለጋችሁ ርዕሶቹን እየመረጣችሁ አውርዱ።

ይህ ለአንድ መምህር ብቻውን ከባድ ነው። አይሲቲ የሚያስተምረውን ባልደረባ ሻይ መጋበዝ ይኖርባችኋል።

ካንቫ የተባለው የዲዛይን አፕ ለመምህራን የሚሰጠውን ነፃ አገልግሎት የማስተማር ማስረጃ አስገብቶ ማግኘት ይቻላል፤ የግድግዳ ቻርት ለሚሠራ ጥሩ ነው። ጀሚኒና ቻትጂፒቲ የጥያቄ ረቂቅ በደቂቃ ያወጣሉ። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው፤ አማርኛቸው አንዳንዴ ይሳካል፣ አንዳንዴ ትርጉም ያጣል። ከመማሪያ መጽሐፉ ጋር ሳታመሳክሩ ወደ ኮፒ ቤት አትላኩት፤ የተሳሳተ መልስንም በሙሉ ልብ ነው የሚሰጡት።

ስልክ ልትቀይሩ ካሰባችሁ

ከላይ የመረጥኳቸው ሁለቱ ማረሚያዎች ካሜራ ላይ የቆሙ ናቸው። ስለዚህ ሻጩ ስለ ሜጋፒክስል ሲደረድርላችሁ ብዙ አትስሙት። የታተመ የመልስ ወረቀት አጣጥፋችሁ ኪሳችሁ ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ፣ ሱቁ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ዘርጉትና በስልኩ አንሱት። ፎቶውን አጉሉት። የደበዘዘ ክብና የጠቆረ ክብ በደንብ ካልተለየ ያንን ስልክ ተዉት፤ ቀጥሎ ያለውን ይስጣችሁ።