ለአንዲት ማጫወቻ የተገዛ ርካሽ የመኪና ቴፕ፦ ከ9 ወር በኋላ

የዚህ ቴፕ ጉዳይ የጀመረው በአባቴ ካሴቶች ነው። ሁለት ካርቶን ሙሉ ነበሩ፤ የክራር፣ የማሲንቆ፣ የበገና። ሻግተው ሳያልቁ ብዬ አንድ ክረምት ሙሉ ቁጭ ብዬ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥኳቸው። ከዚያ ወደ ማጫወቻዬ።

ማጫወቻዬ ሳንሳ ክሊፕ ፕላስ ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣች፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ዕቃ። ብሉቱዝ የላትም። ኢንተርኔት አታውቅም። አትደውልም። የምወዳትም ለዚሁ ነው። በስልክ ዘፈን መስማት ማለት ማሲንቆው ጥሩ ቦታ ላይ ሲደርስ ሰው እየደወለ «የት ደረስክ?» ሲል መስማት ነው። ክሊፗ አንዴ ቻርጅ ከተደረገች 15 ሰዓት ያህል ትዘፍናለች። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሼ ብመለስም ግማሹን አልጨርስባትም።

ችግሩ መኪናው ነበር። የማሽከረክረው መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የዞረላት ቪትዝ ነው። ቪትዝ ያላችሁ ሰዎች የሬዲዮውን ነገር ታውቁታላችሁ። ለጃፓን የተሠራ ሬዲዮ ስለሆነ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ብቻ ነው። የኛ ኤፍኤም ጣቢያዎች አብዛኞቹ ከ90 በላይ ናቸው። ስለዚህ ሬዲዮው ያለው ለጌጥ ነበር ማለት ይቻላል። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የምትሰካ፣ ዘፈኑን በኤፍኤም ሞገድ ወደ ሬዲዮው የምትልክ ትንሽ ዕቃ ገዝቼ 2 ዓመት ታገልኩ። 88 አካባቢ አስቀምጫት ደብረ ብርሃን ላይ ደህና ትሠራለች። ወደ ሰንዳፋ ስጠጋ ግን ሽሽሽ... በገና ደግሞ ሽሽታ አይችልም። ከዘፈን መሀል ዝምታው የሚበዛው በገና ነው፤ ሽሽታው ደግሞ ጎልቶ የሚሰማው በዝምታው ላይ ነው።

እናም መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድኩ። ዋጋውን ዛሬ ብነግራችሁ ነገ ስለሚለወጥ በዚህ ያዙልኝ፦ የከፈልኩት ብር አንድ አዲስ ጎማ አይገዛም። ቴፑ ስሙን ሰምቼው የማላውቀው የቻይና ሥራ ነው። ሻጩ ልጅ መጀመሪያ ያሳየኝ መብራቱን ነው፤ ሰባት ዓይነት ቀለም ይቀያይራል። ቀጥሎ ካርቶኑ ላይ «4 በ50 ዋት» የሚለውን አሳየኝ። ገልብጬ ጀርባውን አየሁት። ፊውዙ 10 አምፔር ነው። ሞተር ሲነሳ የመኪና ኤሌክትሪክ 14 ቮልት ገደማ ነው። 10 በ14 ብትመቱት 140 ዋት ነው። ታዲያ 200 ዋት ከየት ይመጣል? ይህን ስለው ሳቀብኝ።

«ብራዘር፣ ዋት በፊውዝ ነው እንዴ የሚለካው?»

ለክርክር አልሄድኩም፤ ተውኩት። እንዲህ ያለ ቴፕ ለእያንዳንዱ ስፒከር ሳይንጫጫ 15 ወይም 20 ዋት ከሰጠ ጥሩ ነው። ለቪትዝ ያ ይበቃል። እኔ የፈለግኩት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ «ኦክስ» የምትባለው፣ የማጫወቻን ድምፅ በገመድ የምትቀበለው ክብ ቀዳዳ ከፊት እንድትሆን፤ አንዳንዱ ላይ ከጀርባ ስለሆነች አንዴ ከተገጠመ በኋላ አትደረስም። ሁለተኛ፣ ድምፁ በሚዞር ቁልፍ የሚስተካከል እንዲሆን። ጉድጓድ እየሸሸሁ «ፕላስ» የሚል ቁልፍ በዓይኔ አልፈልግም። ልጁ ቴፑን መሬት ላይ ካለ ባትሪ ጋር አገናኝቶ ክሊፗን በኦክስ ሰካት። ሰማሁ። ከፈልኩ።

ገጠማው ደብረ ብርሃን ላይ ሆነ። የቪትዟ ክፍተት ሰፊ ነው፣ የድሮው ሬዲዮ የሁለት ቴፕ ቁመት ነበረው። አዲሱ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከስሩ ባዶ ኪስ ተረፈ። መጀመሪያ አስቀያሚ መስሎኝ ነበር። አሁን ክሊፗ የምትተኛው እዚያ ነው፤ ለእሷ ታስቦ የተሠራ ይመስላል።

ኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ጋሼ፣ ሶኬቱን ቆርጬ ሽቦ በሽቦ ልሰረው?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። ለቶዮታ የሚሆን መሸጋገሪያ ሶኬት ይሸጣል፤ አንዱ 10 ፒን፣ ሌላው 6 ፒን ነው። እሱን ከገዛችሁ የመኪናው ሽቦ ሳይነካ ይቀራል። በዚህ ተስማማን። ያልተስማማንበት ቢጫው ሽቦ ነው። ቢጫው ሁልጊዜ ከባትሪ ኤሌክትሪክ ማግኘት አለበት፤ የቴፑ ትዝታ እሱ ነው። ቀዩ በቁልፍ የሚበራና የሚጠፋው ነው። ሁለቱን አንድ ላይ አሰራቸው። ቁልፍ ባጠፋሁ ቁጥር ቴፑ የተወለደ ቀን ላይ ይመለሳል፦ ሰዓቱ 12፣ ድምፁ 15፣ ፍላሹ ከአንደኛው ዘፈን። 3 ሳምንት ሙሉ አንድ ዘፈን ሰማሁ ብላችሁ አላጋነንኩም። ተመልሼ ስሄድ በ5 ደቂቃ አስተካከለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ቴፑን ስገዛ ያሰብኩት ክሊፗን በዩኤስቢ ልሰካት ነበር። አንድ ገመድ፣ ቻርጅም ዘፈንም። መጀመሪያ ስሰካት «ኤረር» አለ። ክሊፗ ውስጥ ማስተካከያ አለ፤ ዩኤስቢው «ኤምቲፒ» ወይም «ኤምኤስሲ» ይሁን ብሎ ይጠይቃል። ኤምቲፒ የኮምፒውተር ቋንቋ ነው፣ ቴፑ አይገባውም። ኤምኤስሲ ስታደርጉት ክሊፗ ራሷን እንደ ፍላሽ ታቀርባለች። አነበበ። ደስ አለኝ።

ደስታው ግን እስከ ጫጫ ነው የቆየው። ክሊፗ የራሷ ሜሞሪ አላት፣ በጎኗ ደግሞ ካርድ ይገባል። ለቴፑ ሁለት ፍላሽ ሆና ነው የምትታየው። ቴፑ ደግሞ የሚያነበው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። የአባቴ ካሴቶች ያሉት ካርዱ ላይ። በዚያ ላይ ግማሾቹን የገለበጥኳቸው በ«ፍላክ» ነው፤ የድምፅ ጥራት የማይቀንስ የፋይል ዓይነት ነው፣ ክሊፗ ታጫውተዋለች፣ ቴፑ ግን ኤምፒስሪ እና ደብሊው ኤም ኤ ብቻ ነው የሚያውቀው። እሺ ብዬ ወደ ኤምፒስሪ ለውጬ በፍላሽ ሞከርኩ። በአማርኛ የጻፍኩት የዘፈን ስም በሙሉ በስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ሆነ። ??????? የሚል ዘፈን፣ ቀጥሎ ????? የሚል ዘፈን። ቅደም ተከተሉም በፊደል ሳይሆን መጀመሪያ የተገለበጠው መጀመሪያ ነው።

በሁለተኛው ወር ዩኤስቢውን ተውኩት፤ ኦክስ ሆነ። በኦክስ ጊዜ የሚያስበው ማጫወቻው ነው። ፋይሉን የሚያነበው እሱ፣ የአማርኛውን ስም የሚያሳየው እሱ፣ ካቆምክበት የሚቀጥለው እሱ። ቴፑ የሚጠበቅበት ጮክ ማለት ብቻ ነው፣ ያንን ደግሞ ይችላል። ርካሽ ቴፕ ለማጫወቻ የምትገዙ ከሆነ ስለ ዩኤስቢውና ስለ ስክሪኑ ብዙ አትጨነቁ። ክፍያው ለደህና ኦክስ ይሁን።

ኦክስም የራሱ አመል አለው። ከማጫወቻው የሚመጣው ድምፅ ከሬዲዮው ያነሰ ነው። አንድ ቀን እናቴን ይዤ ከደብረ ሲና ስመለስ በገና እየሰማን ቴፑን 30 ላይ አድርጌዋለሁ። እጄ ሳት ብሎ ወደ ሬዲዮ ቀየረው።

«በስመ አብ! ምን ጉድ ነው ልጄ?»

ነጠላቸው ከትከሻቸው ወረደ። ከዚያ ወዲህ የክሊፗን ድምፅ ወደ ጫፍ አስጠግቼ፣ ትንሽ ሲቀረው አቆማታለሁ። ቴፑን 20ዎቹ ውስጥ። እንደዚያ ሲሆን ልዩነቱ ይጠባል።

ሌላው ፉጨት ነው። ክሊፗን ከሲጋራ መለኮሻው ቻርጅ እያደረጋችሁ በኦክስ ካጫወታችሁ ቀጭን ፉጨት ይገባል፤ ነዳጅ ስትረግጡ እሱም አብሮ ይወጣል፣ ስትለቁ ይወርዳል። ኤሌክትሪኩ በሁለት መንገድ ወደ ቦዲው ስለሚመለስ ነው። ለዚህ የሚሆን ማጣሪያ ይሸጣል። እኔ ማታ ቤት ቻርጅ አደርጋታለሁ፣ ነገሩ አለቀ። ገመዱን ግን አንዴ ቀይሬያለሁ። የግራው ስፒከር ሲጠፋብኝ ቴፑን ጠርጥሬ ነበር፤ ገመዱ ነው የተሰበረው፣ አንገቱ ላይ። አሁን አንገቱ የታጠፈውን ገዛሁ፣ ማርሽ ስቀይር ክንዴ አይመታውም።

አየሩ እንዴት አደረገው? ህዳርና ታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስነሳ ስክሪኑ ደንዝዞ ነው የማገኘው፤ ቁጥሩ ሲቀየር የቀድሞው ጥላው ይቀራል። ሞተሩ ሲሞቅ ይነቃል። በተቃራኒው ሸዋ ሮቢት ነው። ከኛ 95 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከ2,800 ሜትር ወደ 1,300 ገደማ ትወርዳላችሁ። ማሾና ሽንኩርት ልጭን በወረድኩበት ቀን መኪናዋን ፀሐይ ላይ አቁሜያት ስመለስ ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ነበር። ተቃጠለ ብዬ ነበር። መስኮት ከፍቼ 10 ደቂቃ ያህል ስነዳ ተመለሰ። ድምፁ በሁለቱም አልተነካም። ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ሬዲዮ ሲጠፋ ክሊፗ ግድ የላትም።

ብሉቱዙ አለ። ከስልክ ዘፈን ያጫውታል፣ ደህና ነው። ስልክ ለማናገር ግን አይሆንም፤ ማይኩ ቴፑ ፊት ላይ ስለሆነ ማዶ ያለው ሰው የሚሰማው ሞተሩን ነው።

ፊቱ ይነቀላል። አዲስ አበባ ሳድር ነቅዬ ኪሴ እከታለሁ። መገናኛ ጥርሶቹ አቧራ ይይዛሉ፣ ያኔ ቴፑ ይበራና ይጠፋል። በአልኮል በተነከረ ጥጥ ማበስ ነው። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስፒሪት አልቆበት አረቄ ያወጣ ዕለት ግን ከልቤ ነው የሳቅኩት። ደብረ ብርሃን ላይ አረቄ አይጠፋም።

እውነተኛው ጉድለት የመጣው በ7ኛው ወር ነው። ያ የምወደው የሚዞር ቁልፍ መዝለል ጀመረ። 20 ላይ ሆኜ ልቀንስ ወደ ግራ ሳዞር 19፣ 18፣ ከዚያ 21 ይላል። እንደገና ስቀንስ 24። ማጽጃ ተነፋበት፤ 2 ሳምንት ሠራና ተመለሰ። ከውስጥ የሚቀየር ነው ይላሉ፣ ዋጋው ግን ለእንዲህ ያለ ቴፕ አያዋጣም። ሰሞኑን ድምፁን የማስተካክለው በክሊፗ ነው። ቴፑን 22 ላይ ትቼዋለሁ፣ ማንም እንዳይነካው ለልጆቹም ነግሬያለሁ።