ኪርቢ ካንቫስ ከርስ በኒንቴንዶ ዲኤስ፦ ከወራት ጨዋታ በኋላ

ኪርቢ ካንቫስ ከርስ የተባለውን ጌም በመጀመሪያው ሳምንት የሚመዝን ሰው የሚመዝነው የራሱን እጅ ነው። እጅ እስኪለምድ ድረስ ሁሉም ነገር ዝብርቅርቅ ይላል፤ ዋናው ገጸ ባሕሪ ኪርቢ ገደል ይገባል፣ ቀለም ያልቃል፣ መስመሩ ካሰባችሁት ቦታ ፈንጠር ብሎ ይወጣል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የትኛው ጥፋት የእጅ፣ የትኛው የማሽኑ፣ የትኛው ደግሞ የጌሙ እንደሆነ ጥርት ብሎ ይለያል።

ጌሙን የሠራው ሃል ላቦራቶሪ ሲሆን ኒንቴንዶ በ2005 እ.ኤ.አ. ሁለት ስክሪን ላለው የእጅ መጫወቻ ማሽኑ፣ ለዲኤስ፣ አወጣው። አውሮፓ ውስጥ «ፓወር ፔይንትብረሽ» ተብሎ ስለተሸጠ ሁለቱን ስሞች ሁለት ጌም ናቸው ብላችሁ እንዳትገዙ። ታሪኩ አጭር ነው፦ ድሮሺያ የምትባል ጠንቋይ ዓለሙን ወደ ሥዕል ትቀይራለች፣ ኪርቢንም እጅና እግር የሌለው ኳስ ታደርገዋለች፤ የእሷ አስማተኛ ብሩሽ ግን እናንተ እጅ ይገባል። ኪርቢ እንግዲህ አይራመድም፣ አይዘልም፤ ይንከባለላል ብቻ። እናንተ በስታይለስ፣ በማሽኑ የንክኪ ብዕር፣ የቀስተ ደመና መስመር ትስላላችሁ፣ እሱ ይሄድበታል። ኪርቢን መታ ስታደርጉት ይፈተለካል። ጠላትን መታ ስታደርጉት ይደነዝዛል። የታችኛው ስክሪን መጫወቻ ነው፣ የላይኛው ካርታ ያሳያል።

ትልቁ ጥንካሬ እዚሁ ላይ ነው። በንክኪ የሚሠሩ አብዛኞቹ የዝላይ ጌሞች የመስቀል ቁልፉን (የአቅጣጫ ቁልፉን) ሥዕል መስታወት ላይ ይለጥፉና አውራ ጣታችሁ ምንም የማይጨበጥ ነገር ላይ ይንሸራተታል። ይህ ጌም ገጸ ባሕሪውን ትቶ መሬቱን ለእናንተ ይሰጣል። ንክኪ ስክሪን መጨበጫ የለውም፣ መሳያነት ግን ተፈጥሮው ነው። ሠሪዎቹ ይህን በዲኤስ የመጀመሪያ ዘመን ላይ ተረድተውት ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በስልክ ላይ ከወጡት ብዙዎቹ ዛሬም አልተረዱትም።

ጌሙን ጌም የሚያደርገው ግን የቀለም መለኪያው ነው። ከመጫወቻው ስክሪን አናት ላይ ተቀምጧል፤ መስመር በሳላችሁ ቁጥር ይቀንሳል፣ የሚሞላው ደግሞ በፍጥነት የሚሆነው ኪርቢ መሬት ሲነካ ነው። አንድ ቦታ በቅርብ እንየው። ከፊት ሰፊ ገደል አለ፣ ከግርጌው እሾህ፣ መካከሉ ላይ ተኩስ የሚለቅ ጠላት፣ በመለኪያው የቀረው ቀለም ሲሶ ያህል ነው። ጀማሪ ከዳር እስከ ዳር አንድ ረጅም ድልድይ ይስላል፤ ቀለሙ መሀል ላይ ያልቅና ኪርቢ ይወድቃል። የለመደ እጅ ግን ከገደሉ አፋፍ ወደ ላይ ቀና የምትል አጭር መስመር ያስቀምጣል፣ ኪርቢ ከእሷ ላይ ተፈናጥሮ በአየር ላይ እያለ ጠላቱን መታ ያደርጋል፣ መውረጃው ላይ ሁለተኛ አጭር መስመር ይቀበለዋል። ሁለት አጫጭር መስመሮች፣ አንድ መታ፤ ከሲሶውም ቀለም ይተርፋል።

ከዚህ የሚወጡ ልማዶች አሉ። መስመሩ የተሳለበት አቅጣጫ የጉዞው አቅጣጫ ነው፤ ከግራ ወደ ቀኝ ከሳላችሁ ወደ ቀኝ ይወስደዋል፣ ሽቅብ ከሳላችሁ ሽቅብ ያወጣዋል። ክብ አዙራችሁ ብትስሉ ፍጥነት ይጨምራል፤ ዳገት ከመድረሳችሁ በፊት አንዲት ክብ ትበቃለች። መስመር ጋሻም ነው፤ የጠላት ጥይት አይበሳውም፣ ስለዚህ በኪርቢና በተኳሹ መካከል አንድ አጭር ሰረዝ ጣል ማድረግ ከመሸሽ ይሻላል። መስመር ከጊዜ በኋላ ራሱ ስለሚጠፋ አስቀድሞ ሩቅ መሳል ቀለም ማባከን ነው።

አንድ ስህተት ግን ከወራት በኋላም ይመለሳል። መስመሩን ከኪርቢ ገላ ላይ ከጀመራችሁት ጌሙ መታ አደረጋችሁት ብሎ ይተረጉመውና ኪርቢ ልትስሉለት ወዳሰባችሁት ገደል ተፈትልኮ ይገባል። መፍትሔው ስታይለሱን ከኪርቢ ቢያንስ ግማሽ ገላ ያህል ራቅ አድርጎ መጀመር ነው። በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ይህ ሁልጊዜ አይቻልም፤ ይህን እንደ ጌሙ እውነተኛ ድክመት ቁጠሩት።

ኪርቢ ያደነዘዛችሁትን ጠላት ተፈትልኮ ሲመታ ችሎታውን ይወስዳል። ድንጋይ፣ ጎማ፣ ፊኛ፣ ሚሳይልና ሌሎችም አሉ። አጠቃቀማቸው ያው ኪርቢን መታ ማድረግ ነው። ድንጋዩ በክብደቱ ዋጋ አለው፣ ፊኛው ደግሞ መስመር ሳያስፈልግ ወደ ላይ ያወጣል። ሜዳሊያ በማጠራቀም የሚከፈቱት ተጨማሪ ገጸ ባሕርያት፣ ለምሳሌ ሜታ ናይትና ንጉሥ ዲዲዲ፣ የየራሳቸው ጠባይ ቢኖራቸውም ችሎታ መውረስ የኪርቢ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እጅና ወደ ስክሪን። የዲኤስ ስክሪን የሚሠራው በግፊት ነው፤ ሁለት ስስ ንብርብሮች ሲነካኩ ቦታውን ያውቃል፣ በአንድ ጊዜ የሚያውቀው ግን አንድ ነጥብ ብቻ ነው። መዳፋችሁ ጠርዙን ከነካ ማሽኑ ሁለቱን ያማክልና መስመሩ በስታይለሱና በመዳፉ መካከል ይወጣል። «ጌሙ መስመሬን አጣመመብኝ» የሚባለው አብዛኛው ቅሬታ ምንጩ ይኸው ነው። ትንሿን ጣት ከስክሪኑ ውጪ ባለው ፕላስቲክ ላይ አስደግፉ፣ መዳፍ አየር ላይ ይቅር።

ሌላው እጅ መጋረጃ መሆኑ ነው። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቀኝ ነው፤ ቀኝ እጅ ደግሞ የሚሸፍነው የሚመጣውን ጎን ነው። ግራኝ የሆነ ሰው እዚህ ይጠቀማል፣ እጁ የታለፈውን ይሸፍናል። ቀኝ እጃችሁን የምትጠቀሙ ከሆነ ስታይለሱን ከጫፉ ራቅ አድርጋችሁ ያዙት፣ ከታች ወደ ላይ አጋድሙት። ለዚህም የዲኤስ ላይት ስታይለስ ከመጀመሪያው ዲኤስ ስታይለስ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ስለሚረዝም ይሻላል።

መስመሩ ከስታይለሱ ጫፍ በቋሚነት ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ከራቀ በማሽኑ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ የንክኪ ልኬቱን እንደገና ሥሩ፤ የሚታዩትን ምልክቶች መሀል ለመሀል በስታይለስ ንኩ፣ በጣት አይሆንም። የተዛባው በአንድ ጠርዝ ብቻ ከሆነ ግን ልኬት አያድነውም። በስክሪኑና በክፈፉ መካከል ብናኝ ገብቶ እየተጫነ ነው፤ ስስ ወረቀት በጠርዙ ዙሪያ ቀስ አድርጎ መጎተት ያወጣዋል። ስክሪን የሚጭረው ደግሞ ከስታይለሱ ይልቅ ከሥሩ የሚገባው የአሸዋ ፍሬ ነው። በዚህ ጌም እጅ አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ ስለሚመላለስ ከመጀመራችሁ በፊት በለስላሳ ጨርቅ ጥረጉት፣ ስስ መከላከያ ላስቲክም ይለጠፍበት። አየር የያዘ ላስቲክ መስመሩን ስለሚያቆራርጠው ከነፊኛው አትተዉት።

በየትኛው ማሽን ይጫወቱት? የእኛ ምርጫ ትልቁ የዲኤስ ዝርያ፣ ዲኤስአይ ኤክስኤል፣ ነው። ስክሪኑ 4.2 ኢንች ስለሆነ ያው 256 በ192 ነጥብ ያለው ምስል ይሰፋል፣ እጅም ቦታ ያገኛል። ከዲኤስ በኋላ የመጣው 3ዲኤስ ካሴቱን ቢቀበልም ምስሉን ስለሚለጥጠው ይደበዝዛል፤ ጌሙን ስትከፍቱ ስታርት ወይም ሴሌክት ተጭናችሁ ከያዛችሁ በእውነተኛ መጠኑ ጥርት ብሎ ይመጣል፣ ግን ያንሳል። አጭር መስመር ለሚፈልግ ጌም ማነሱ ይጎዳል።

ቦሶቹ፣ ማለትም የምትገጥሟቸው ዋና ጠላቶች፣ ደካማ ናቸው። ሦስት ዓይነት ንዑስ ጨዋታ ይመላለሳል፦ ከንጉሥ ዲዲዲ ጋር የጋሪ ውድድር፣ ከክራኮ ጋር ጡብ ማፍረስ፣ ከፔይንት ሮለር ጋር ነጥብ እያያያዙ ሥዕል መሙላት። ሲመለሱ ይከብዳሉ፣ አይለወጡም። ውድድሩና ነጥብ ማያያዙ በየደረጃው የተማራችሁትን የመስመር ቁጠባ አይፈትኑም። የመጨረሻዋ ድሮሺያ ብቻ በሁለት መልኳ ትክክለኛ ውጊያ ትሰጣለች፤ እሷን ስታዩ የሌሎቹ መጉደል ይቆጫል።

ጌሙን ወራት የሚያቆየው ሬይንቦ ራን የሚባለው የውድድር ክፍል ነው። ዋናውን ጉዞ ጨርሶ ካሴቱን የሚያስቀምጥ ሰው ግማሹን አላየም። ሁለት ውድድር አለው፤ አንዱ በሰዓት፣ ሌላው በቀለም። በቀለሙ ውድድር የምትመዘኑት በሳላችሁት መስመር መጠን ነው፣ ትንሽ የሳለ ያሸንፋል። እዚህ ላይ ጌሙ ይገለበጣል። በዋናው ጉዞ መስመር መድኅን ነበር፣ እዚህ ዕዳ ይሆናል። ቁልቁለቱን ለራሱ ትተዉታላችሁ፣ የጠላትን ጀርባ መንደርደሪያ ታደርጋላችሁ፣ በመፈትለክ ብቻ የሚታለፈውን ትፈልጋላችሁ። አሥር ጊዜ ያለፋችሁበት ቦታ ያለ አንዲት ሰረዝ እንደሚታለፍ ስታገኙ ሠሪዎቹ ወለሉን ምን ያህል አስበው እንዳነጠፉት ይገባችኋል። እንደ አካሄድ፣ መጀመሪያ በሰዓቱ ውድድር መንገዱን አጥኑ፣ ከዚያ በቀለሙ ግቡ፤ በተቃራኒው የጀመረ ይሰላቻል።

ዛሬ የሚገዛው ያገለገለ ካሴት ነው። በዊ ዩ፣ በሌላው የኒንቴንዶ ማሽን፣ በዲጂታል ይሸጥ ነበር፤ ያ መደብር በመጋቢት 2023 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል። የዲኤስ ካሴት በአገር አይታገድም፣ የጃፓኑም የአሜሪካ ማሽን ላይ ይሠራል። ጽሑፉ ጥቂት ስለሆነ እንግሊዝኛ የማያነብ ልጅም ብዙም ሳይቸገር ይጫወተዋል። አስመስለው የሠሩት ካሴት ብዙ ጊዜ የሚጋለጠው ማስቀመጥ ሲያቅተው ነው፤ ከሻጩ ሳትለዩ አንድ ደረጃ ጨርሳችሁ አጥፉና እንደገና ክፈቱት። ማሽኑ ካሴቱን አላነብ ካለ የወርቅማ ጥርሶቹን በአልኮል በራሰ የጆሮ ጥጥ ጠርጋችሁ ጨርሶ እስኪደርቅ ጠብቁ። በአፍ እፍ ማለት እርጥበት ያስገባል።

ከአሜሪካ ዘመድ ለሚልክላችሁ አንድ ነገር። እዚያ ከማሽኑ ጋር የተሸጠው ቻርጀር የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው ሶኬት 220 ነው። የሶኬት ጫፍ ማስተካከያ ብቻ ሰክታችሁ ብትሞክሩት ይቃጠላል። ለዲኤስ ላይትም ለዲኤስአይም በዩኤስቢ የሚሠራ ገመድ ስላለ እሱን አስልኩና በስልክ ቻርጀር ሰኩት፤ የሁለቱ ማሽኖች ቀዳዳ ስለሚለያይ የትኛው ማሽን እንደሆነ ለላኪው አስቀድማችሁ ንገሩት።