የዓይን ግፊትን ያናረው ቫይረሱ ነው ወይስ ጠብታው?

ከንፈር ላይ ምች የሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ፣ ወይም አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ዘመዱ ዓይን ውስጥ ብግነት ሲፈጥር ግፊቱ በሁለት መንገድ ሊያሻቅብ ይችላል።

አንደኛው ከራሱ ከብግነቱ ነው። የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበት ወንፊት ያብጣል፣ ይደፈናል። በአብዛኛው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የሚሆነው ግፊት ገና ሕመሙ ሲጀምር ከ30 ሊያልፍ ይችላል። ዓይን ይቀላል፣ ብርሃን ይወጋዋል። የቫይረሱ መድኃኒት አሲክሎቪርና በሐኪም ክትትል የሚሰጥ የስቴሮይድ ጠብታ ብግነቱን ሲያበርዱት ብዙ ጊዜ ግፊቱም አብሮ ይወርዳል።

ሁለተኛው የሚመጣው ከዚያው ከስቴሮይድ ጠብታ ነው፤ ለምሳሌ ከዴክሳሜታዞን። ጠብታው በተጀመረ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ መቅላቱ ጠፍቶ ሰው «ዳንኩ» ሲል፣ ግፊቱ ቀስ እያለ ይወጣል። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ይኼኛው ነው። ሕመም ሳይሰማ የዓይን ነርቭ ይጎዳል፤ በዚህ የነርቭ ጉዳት፣ ማለትም በግላኮማ፣ የጠፋ እይታ ደግሞ አይመለስም። ሐኪሙ ጠብታውን ይቀንሳል ወይም ለስለስ ባለ ይለውጣል። በራስ ፈቃድ ድንገት ማቆም ግን ብግነቱን መልሶ ይቀሰቅሳል።

ዓይን በማየት ብቻ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። በየቀጠሮው ግፊቱ ይለካ፤ ቁጥሩንም ጠይቃችሁ ጻፉት።